ጅማ ላይ በቮልስ ሞተር ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን ልሠራ ነው፤ ንድፉን ምን ያህል መቀየር ይቻላል?

ብየዳ ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ መርካቶ አካባቢ የብረት ሥራ ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ የውሃ ጋን ማስቀመጫ፣ የባጃጅ ጣሪያ፤ የመጣው ሁሉ ይሠራል። ማታ ማታ ግን ጠረጴዛዬ ላይ የሚዘረጋው ሌላ ነው። የጆዴል ዲ 9 ሙሉ ንድፍ በእጄ ገብቷል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1948 ያበረሯት፣ ከእንጨትና ከጨርቅ የምትሠራ፣ ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7 ሜትር ገደማ የሆነ ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን ናት። ብዙ ሰዎች በቮልስዋገን ሞተር አብርረዋታል።

ሞተሩም አለኝ። አንድ ደንበኛዬ ግቢ ውስጥ ቆማ የቀረች ቮልስ ነበረችና 1600 ሲሲ ሞተሯን በአጥር ሥራ ዋጋ አቻችለን ወሰድኩት።

ችግሩ ዕቃው ነው። ንድፉ ስፕሩስ የሚባል እንጨት ይላል፤ እዚህ የለም። የአውሮፕላን ኮምፔንሳቶ ይላል፤ የለም። ስለዚህ አካሉን በቱቦላሬ ልበይደው፣ ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸከመውን አግዳሚ ስፓሩን ከመስኮት አሉሚኒየም ልሥራው፣ ጎማውን ከባጃጅ ልውሰድ፣ ጨርቁን አቡጀዲ ላድርገው ብዬ አስቤአለሁ። በእኛ ገበያ ባለው ነገር ቢተካ ምን ይጎድላል? ከሚያውቅ ሰው መስማት እፈልጋለሁ። «ተው» ለማለት ብቻ የምትመጡ ካላችሁ ባለቤቴ ቀድማችኋለች።

የኪቶ መምህር

ወንድሜ፣ ስለ እንጨትህ ከማውራታችን በፊት ስለ አየርህ እናውራ፤ ንድፉን ሳትነካውም የሚለወጠው እሱ ነውና።

የጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በአውሮፕላን ሰዎች ስሌት በዚያ ከፍታ መደበኛው የአየር ሙቀት 4 ዲግሪ ነው ተብሎ ይታሰባል። እኛ ዘንድ ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ይሳሳና አውሮፕላኑ 2,600 ሜትር ላይ ያለ ያህል ነው የሚሰማው። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያ አየር ውስጥ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል።

«ሩብ ብቻ ከሆነ ምን አለበት» ትለኝ ይሆናል። ቁጥሩን ተመልከት። አውሮፕላንህ ከነአንተ 300 ኪሎ ግራም ትመዝን እንበል፤ ሞተርህ ባሕር ዳርቻ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ይስጥ። ፕሮፔለሩ ከሚያባክነው ተርፎ ለሥራ የሚውለው 21 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ከዚህ 9 ያህሉ አየር ላይ ለመቆየት ብቻ ይሄዳል፤ የቀረው 12 ወደ ላይ ያወጣሃል። በሰከንድ 4 ሜትር ትወጣለህ ማለት ነው። ጅማ ላይ ከሰዓት በኋላስ? ለሥራ የሚውለው ወደ 15 ይወርዳል። አየር ላይ ለመቆየት የሚያስፈልገው ግን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ሳስቶ ባለ አየር ውስጥ ፈጥነህ መሄድ ስላለብህ ከ10 ያልፋል። የሚተርፍህ 5 አይሞላም። በሰከንድ 1.6 ሜትር! ሞተሩ ሩቡን አጣ፤ ወደ ላይ የመውጣት አቅምህ ግን ከግማሽ በታች ሆነ።

አሁን በቱቦላሬው ምክንያት 40 ኪሎ ጨምርበትና ራስህ አስላው። ጅማ ዙሪያዋን ኮረብታ ነው፤ ጅሬን ቆመህ ቁልቁል ስታያት ደስ ትላለች፣ ከታች ወደ ጅሬን ሽቅብ ለሚበር ሰው ግን ሌላ ናት።

ብየዳ ቤት

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቁጥሩ አስደነገጠኝ እንጂ ተስፋ አላስቆረጠኝም። ማለዳ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ብበርስ? ወይም ሞተሩን አስፍቼ ጉልበት ብጨምርስ?

ካንዴላ

ማለዳ ለፕሮፔለርህ ይሻላል፤ ለካርቡራቶርህ ግን ሌላ ጣጣ አለው። የጅማ ጠዋት ጭጋግ ነው። አየሩ እርጥብ ሆኖ 12 ወይም 15 ዲግሪ ሲሆን ካርቡራቶር ውስጥ በረዶ ለመሥራት ከዚያ የተመቸ ሁኔታ የለም። ነዳጁ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፣ አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ በረዶ ሆኖ ቫልቮላው ላይ ይጋገራል። ምልክቱ የነዳጅ መስጫውን ሳትነካው የሞተሩ ዙር ቀስ እያለ መውረዱ ነው። ስለዚህ ማርሚታውን በላሜራ ሸፍነህ ሞቃት አየር ወደ ካርቡራቶሩ የሚወስድ ቱቦና በእጅ የሚከፈት መዝጊያ ትሠራለህ። ይህ ለአንተ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ሳይኖር ግን አትነሳ።

ወደ ሞተሩ ልምጣ፤ ይህ የእኔ ሙያ ነው። የቮልስ ሞተር ለመኪና ሲሠራ ከባዱ ነገር የተንጠለጠለው በቮላኖው በኩል ነው። በዚያ በኩል ያሉት ዋና ኩሽኔታዎች 55 ሚሊ ሜትር ናቸው። በፑሊው በኩል ያለው መጨረሻው ኩሽኔታ 40 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የማራገቢያ ቺንጋ ለመያዝ የተሠራ ነዋ። አብዛኛው ሰው ፕሮፔለሩን የሚያስረው እዚያው ቀጭኑ ጫፍ ላይ ነው። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ባዞረ ቁጥር የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ክራንክ ሻፍቱን፣ የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ወደ ጎን ያጥፈዋል። መኪና ውስጥ እንዲህ ያለ ጉልበት የለም። በቮልስ በሚበሩ ሰዎች መካከል የክራንክ ሻፍት ስብራት የታወቀ ነገር የሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ፍታው። ክራንክ ሻፍቱን በጋዝ እጠበውና ቀይ ዘልቆ ገብ ቀለም ቀባው፤ ጠብቀህ ጥረግና ነጩን ዱቄት ንፋበት። ስንጥቅ ካለ ቀይ ፀጉር የመሰለ መስመር ይወጣልሃል። በተለይ ቁልፍ የሚገባበትን ጎድጓዳ ጥግና የኩሽኔታ መቀመጫውን ጠርዝ በማጉያ መነጽር ተመልከት። መስመር ካየህ ወደ ቶርኖ ቤት አትውሰደው፣ አታስበይደው፤ ለቁራሌ ሽጠው።

ስለ ማስፋት የጠየቅከው ጉልበት ይጨምራል፤ ሙቀትም ይጨምራል። ማራገቢያውን አውልቀህ ፊት ለፊት በሚመጣ አየር ልታቀዘቅዘው ስለሆነ በሲሊንደሮቹ መካከል አየሩን አስገድዶ የሚያሳልፍ የላሜራ መጋረጃ ትሠራለህ። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከተውክ አየሩ በዚያ ያመልጥና ቴስታታው ይቃጠላል። በእያንዳንዱ ካንዴላ ሥር የሙቀት መለኪያ ቀለበት አስገባ፣ አራቱንም። በአንዱ ብቻ የሚለካ ሰው ሦስቱን በግምት ነው የሚያበርረው።

እውነቱን እንነጋገር

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! አገሩ የመለዋወጫ ያለህ እያለ እናንተ ሰማይ ላይ ናችሁ። ይህ ገንዘብ አንድ ባጃጅ አይገዛም ነበር?

ብየዳ ቤት

ይገዛ ነበር። ባጃጅ አልፈለግኩም።

የሂርማታ አናጢ

ልጆች፣ እኔ ስለ ሞተሩ አላውቅም። በእንጨት ግን ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። የጅማን በርጩማ ከአንድ ወጥ ግንድ ጠርበው ከሚያወጡ ሰዎች መካከል ነው ያደግኩት።

ብየዳ ቤት፣ «እንጨት የለም» ማለትህ አልጣመኝም። ጅማ ተቀምጦ እንጨት የለም! ያጣኸው የተመረጠ እንጨት ነው። ዋንዛ ለወንበር እንጂ ለክንፍ አይሆንም፣ ልል ነው። ባሕር ዛፍ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለመሞከር የሚገባው ዝግባ ነው፤ ክሩ ቀጥ ያለ፣ መላጊያ የሚወድ፣ ብዙ አንጓ የሌለበት። ግን ዝግባ ስለሆነ ብቻ ብለህ እንዳትወስድ።

ሳንቃውን አንሥተህ ጎኑ ላይ አንድ ጠብታ ቀለም ጣል። ቀለሙ በክሩ ተከትሎ ይሮጣል። ክሩ ከሳንቃው ጠርዝ እየራቀ ሲሄድ ታየዋለህ። የአውሮፕላን ሰዎች ሕግ በ15 ጣት ርዝመት ከ1 ጣት በላይ እንዳያዘነብል ነው ብሎ ልጄ አንብቦልኛል፤ እኔም በእጄ የማውቀው ከዚያ አይርቅም። ያዘነበለ ክር ሲጫን አይጎብጥም፣ በክሩ ተከትሎ ይላጣል። አንጓ፣ ሙጫ የቋጠረ ቦታ፣ ነፍሳት የበሳው፤ ሁሉንም ለበርጩማ አስቀርልኝ።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። ክረምት በዝናብ የገባ ሳንቃ ከውጭ ደርቆ ከውስጥ ውሃ ይዞ ይቆያል። ከመካከሉ አንድ ቁራጭ ቁረጥና በወርቅ ቤት ሚዛን መዝን። በምድጃ በትንሽ ሙቀት አድርቀው፣ ክብደቱ መውረድ እስኪያቆም ድረስ እየመዘንክ። የጠፋውን ክብደት ለደረቁ ክብደት አካፍለው። ከ100 ከ8 እስከ 12 ከሆነ ሥራ፤ 20 ከሆነ ጣሪያ ሥር ደርድረህ ተወው።

ሙጫውን ደግሞ ነጩን ኮላ እንዳታስበው። ነጭ ኮላ ለወንበር ጥሩ ነው። ፀሐይ ሲመታውና ጭነት ሲቆይበት ግን ቀስ ብሎ ይንሸራተታል፤ እኔ ራሴ የቤት ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ ሲጎብጥ አይቻለሁ። ሁለቱን ዕቃ የምትቀላቅለውን ኢፖክሲ ፈልግ። በሠራህ ቁጥር ከዚያው ከቀላቀልከው ሁለት ቁራጭ አጣብቅና ቀን ጽፈህበት አስቀምጥ። በማግስቱ በመዶሻ ስበረው። እንጨቱ ከተሰበረ ሙጫህ ይዟል፤ በሙጫው መስመር ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ የዚያን ቀን ሥራ ሁሉ አፍርስ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ያሉት ለዚህ ነው።

ኤሮ ተማሪ

አባቴ፣ የሙጫውን ፍተሻ እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ በማሽን ነው የምናደርገው፤ የእርስዎ መዶሻ ግን ያንኑ ይናገራል።

ወንድሜ ብየዳ ቤት፣ የመስኮት አሉሚኒየም ላይ ልጨምር። የመስኮት ፕሮፋይል ብዙውን ጊዜ 6063 የሚባለው ቅይጥ ነው፤ በቀላሉ ተገፍቶ ቅርጽ እንዲይዝ፣ ሲቀባም እንዲያምር የተሠራ። መታጠፍ የሚጀምርበት ጫና 145 ሜጋ ፓስካል ገደማ ነው። ለትናንሽ አውሮፕላኖች የሚውለው 6061 ቲ 6 ደግሞ 275 ገደማ። በዓይን አይለዩም፤ በጥንካሬ ግን አንዱ የሌላው ግማሽ ነው። ጥንካሬውን ለማካካስ ውፍረቱን እጥፍ ብታደርገው ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ከዚያ ስፓሩን የሚይዘው ማያያዣ ይከብዳል፣ ጎማው ይከብዳል፣ መምህር ያሰሉት 1.6 ሜትር ወደ ዜሮ ይጠጋል። አሉሚኒየምን መበየድ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። በሙቀት የጠነከረው ብረት በብየዳው ዙሪያ መልሶ ይለሰልሳል።

አቡጀዲ በድሮ ጊዜ ጥጥ ጨርቅ አውሮፕላን ይሸፍን ስለነበር ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ነገር ግን ጥጥ በጅማ እርጥበት ይበሰብሳል፣ በፀሐይም ይሳሳል። ፖሊስተር ጨርቅ በካውያ ሲነካ ተኮማትሮ እንደ ከበሮ ይወጠራል። የካውያው ሙቀት ግን በቴርሞሜትር መለካት አለበት፤ መጀመሪያ 120 ዲግሪ ገደማ፣ በስተመጨረሻ 175 ገደማ። ካለፈ ጨርቁ መልሶ ይላላል።

ንድፍ ስለመለወጥ አንድ ነገር ልንገርህ። በ1930ዎቹ ሄንሪ ሚኜ የተባለ ፈረንሳዊ ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራት የሚችል «ቁንጫ» የተባለች ትንሽ አውሮፕላን አወጣ። ሁለት ክንፎች ነበሯት፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተቀራርበው። አብራሪው የፊተኛውን ክንፍ በማዘንበል አፍንጫዋን ያወጣና ያወርድ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሠሯት፣ ከዚያም መሞት ጀመሩ። በነፋስ ዋሻ፣ ማለትም ነፋስ በሚነፋበት የመፈተሻ ቱቦ ውስጥ፣ ሲፈተሽ አፍንጫዋ በጣም ካዘቀዘቀ በኋላ አብራሪው የመቆጣጠሪያ ዱላውን ወደ ራሱ ሲስብ በሁለቱ ክንፎች መካከል ያለው ክፍተት የኋለኛውን ክንፍ ይበልጥ እያነሣ አፍንጫዋን ጭራሽ ይደፋት እንደነበር ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1936 እንግሊዝም ፈረንሳይም አገዷት። ሰዎቹ እንጨቱን በደንብ ነበር ያጣበቁት። አደጋው በክንፎቹ ርቀት ውስጥ ነበር። ስለዚህ የጎማውን ዓይነት ለውጥ፣ የመቀመጫውን ጨርቅ ለውጥ፤ የክንፉን ቦታ፣ ማዘንበያውን፣ የጭራውን ስፋት አትንካ።

የቡና መጋዘን

ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አውሮፕላን አልሠራም፤ ቦታ ግን አለኝ። መጋዘኔ በዚህ ወቅት ግማሹ ባዶ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ባስኩላም አለኝ። ክንፍ በጆንያ ይፈተሻል ሲባል ሰምቼ ነበር። ስንት ጆንያ ነው?

የኪቶ መምህር

በሰማዕታት! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

ክንፉን ገልብጣችሁ በመካከሉ፣ አካሉ በሚያያዝበት ቦታ ብቻ ታስቀምጡታላችሁ። የጆዴል ክንፍ አንድ ወጥ ስፓር ስላለው ሁለቱም ጎን አብሮ ይፈተሻል። አየር ወደ ላይ የሚገፋውን ያህል ጆንያው ወደ ታች ይጫናል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አጠቃላይ ክብደቷ 300 ኪሎ፣ ክንፉ ብቻውን 50 ኪሎ ይሁን። ለተራ በረራ የሚወሰደው ገደብ የክብደቷ 3.8 እጥፍ ነው። ክንፉ የራሱን ክብደት በአየር ስለሚሸከም ስፓሩ ላይ የሚያርፈው የቀረው 250 ነው። 250 በ3.8 ሲባዛ 950 ይሆናል። ክንፉ ተገልብጦ ስለተቀመጠ የራሱ 50 ኪሎም አብሮ ወደ ታች ይጫናል፤ ይቀነስ። 900 ኪሎ ቀረ። ባለ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ከሆነ 15 ጆንያ።

በ15 ጆንያ ክንፉ ይጎብጣል፤ ጆንያው ሲነሣ ግን ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ገደቡን በ1.5 ታበዙትና 5.7 እጥፍ ላይ ደግሞ ቢያንስ ለ3 ሰከንድ ሳይሰበር መቆየት አለበት። ያ 1,375 ኪሎ ነው፣ 23 ጆንያ ያህል። እዚያ የደረሰ ክንፍ ግን ለመብረር አይውልም። ስለዚህ ለመስበር የሚሠራ አንድ ስፓር፣ ለመብረር የሚሠራ ሌላ ስፓር ያስፈልጋል።

ሙሉ ጆንያ በአንድ ጊዜ አትጫኑ። 10፣ 10 ኪሎ አድርጋችሁ በትናንሽ ከረጢት ከፋፍሉት፤ ወደ መካከሉ ብዙ፣ ወደ ጫፉ ጥቂት፣ ከፊት ጠርዝ ደግሞ የክንፉ ስፋት ሩብ ላይ። በሁለቱም ጎን እኩል እኩል፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ። ከሥሩ ማንም አይግባ። የክንፉ ጫፍ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ በየደረጃው በግድግዳ ላይ ምልክት አድርጉ። ጭነቱ በእኩል መጠን ሲጨምር የወረደው ርቀት በድንገት ከጨመረ፣ ድምፅ ባይሰማም አንድ ነገር ለቋል ማለት ነው።

ታሪክ ወዳድ

እግረ መንገዴን፣ ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር መሪነት አዲስ አበባ ውስጥ ነው የተሠራችው፤ ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ጣሊያን ወስዷት ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች። በቅርቡም አስመላሽ ዘፈሩ የሠራት ኬ 570 ኤ የቮልስዋገን ሞተር ነበራት። ከአየሩ አንጻር ሲታይ አዲስ አበባ ከጅማም ትከፋለች፤ እዚያ ከፍታው ገና መሬት ላይ ሳሉ 2,300 ሜትር ነው።

ጡረተኛ ቴክኒሻን

ልጄ ብየዳ ቤት፣ እስካሁን የተባለው ጥሩ ነው። እኔ ሦስት ነገር ብቻ።

ብሎን። ጭነት የሚሸከም ብሎን ጥርሱ ቀዳዳው ውስጥ መግባት የለበትም፤ ለስላሳው አንገቱ ነው ግፊቱን የሚቀበለው። ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ብሎን በጥንካሬ ከአውሮፕላን ብሎን ብዙ አይርቅም፣ ግን ጽሑፉን ማንም ሊያትመው ይችላል። ከገዛኸው መካከል አንዱን ሞርሳ ላይ አስረህ እስኪበጠስ አጥፈው። በሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ላይ ፕላስቲክ ያለው ዳዶ አይበቃም፤ አክሊል ያለው ዳዶ ከነኮፒሊያው።

መቆጣጠሪያ። ሽቦዎቹን አስረህ ስትጨርስ ዱላውን ወደ ግራ አዘንብልና የግራውን ክንፍ ተመልከት። እዚያ ያለው ኤለሮን፣ በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ የሚንቀሳቀሰው ክፍል፣ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ሞኝ የሚመስል ፍተሻ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ከጥገና በኋላ ሽቦ ተጠላልፎባቸው ሞተዋል። ስለዚህ አንተ ሳትሆን ሥራውን ያልሠራ ሌላ ሰው ይፈትሸው።

ወረቀት። ያለ ኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ከመሬት አትነሣም፤ አንድ ሜትርም ቢሆን። ስፓሩን ሳትቆርጥ ደብዳቤ ጻፍላቸው፤ ንድፉን፣ የምትጠቀመውን ዕቃ፣ የፍተሻ ዕቅድህን አያይዝ። አሜሪካ ውስጥ እንኳን ቤት የተሠራ አውሮፕላን ከግማሽ በላዩን ባለቤቱ እንደሠራው በፎቶና በመዝገብ ያሳያል፤ ከዚያም ያልተመሰከረለት ሞተር ካለው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹን 40 ሰዓታት ሰው ከሚበዛበት ቦታ ርቆ ብቻውን ይበራል። ዛሬ ደብተር ግዛ። እያንዳንዱን የሙጫ ቀን፣ እያንዳንዱን ብሎን ጻፍበት። ከዓመት በኋላ መርማሪ ሲጠይቅህ «አስታውሳለሁ» አይሠራም።

የክብደት ማዕከሉን ደግሞ በዚያ በቡናው ባስኩላ ሦስቱንም ጎማ መዝነህ ታገኘዋለህ። ወደ ጭራ ያደላ ከሆነ ምንም ዓይነት ሞተር አያድንህም።

ብየዳ ቤት

ጋሼ፣ መምህር፣ ሁላችሁም አመሰግናለሁ። ቱቦላሬውንና የመስኮት አሉሚኒየሙን ትቼዋለሁ፤ ንድፉ በእንጨት ይላልና በእንጨት ይሁን። የባጃጅ ጎማው ግን ይቆያል፣ በእሱ ላይ አልከራከርም። መጀመሪያ የምሠራው የሚሰበረውን ስፓር ነው። ደብዳቤውንም እጽፋለሁ።

አባቴ የሂርማታ አናጢ፣ 4 ሜትር ርዝመት ያለው አንጓ የሌለው ዝግባ ከየት ላገኝ እችላለሁ? ሙሉውን 7 ሜትር ማግኘት የሚቻል አይመስለኝም።

የሂርማታ አናጢ

7 ሜትር ማን አለህ? ሁለቱን ሳንቃ ጫፋቸውን በስለት አሹለህ ታጋጥማለህ፤ ውፍረቱ አንድ ጣት ከሆነ ሹለቱ 12 ጣት ይሁን። መጋጠሚያውም አንዱ ሳንቃ ላይ ከሌላው ጋር ትይዩ እንዳይመጣ አፈራርቀው። ሐሙስ ገበያ ና፤ ቀለምና የወርቅ ቤቱን ሚዛን ይዘህ ና። አንድ ሰው ከቤቱ ማፍረሻ ያወጣው አሮጌ ዝግባ አለው፤ ደርቆ የኖረ ነው። ምስማር ገብቶበት ካልሆነ እንወስዳለን።

የቡና መጋዘን

መጋዘኑ ተፈቅዷል። በጆንያው ውስጥ ግን አሸዋ ነው የሚገባው። ስፓሩ ሲሰበር ቡናዬን ከወለል ላይ የሚለቅም ሰው የለኝም።